እሁድ ከሰዓት ያየነው ቤት
በአዲስ ከተማ አፓርታማ ከመከራየትዎ በፊት ምን ማየት አለብዎት?

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ደላላው በሩን ሲከፍተው ፀሐይ በሳሎኑ መስኮት ገብታ ወለሉን ሞልታዋለች። ባለቤቴ ወደ በረንዳው ወጥቶ «እይታው ደስ ይላል» አለ። እኔ በቀጥታ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት። ውሃው ዥው ብሎ ወረደ። «ውሃ አይጠፋም?» ብዬ ጠየቅሁ። «ኧረ እህቴ፣ እዚህ ሰፈር ውሃ ችግር ሆኖ አያውቅም» አለ ደላላው፣ የዋህነቴ እንዳሳዘነው ሁሉ። ከባሕር ዳር በሥራ ዝውውር ከመጣን አሥረኛ ቀናችን ነው። ከሁለት ልጆች ጋር ዘመድ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀናል። በማግስቱ የስድስት ወር ቅድሚያ ከፍለን ቁልፉን ተቀበልን።

ረቡዕ ጠዋት ቧንቧውን ስከፍተው አየር ብቻ ነፋ። ሐሙስም እንደዚያው፣ ዓርብም እንደዚያው። ቅዳሜ ዕለት ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት ደረጃው ላይ አግኝተውኝ ነገሩኝ። የእኛ ብሎክ የውሃ ፈረቃ እሁድ ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣው ደግሞ ታች ያሉት በርሜላቸውን ሞልተው ከጨረሱ በኋላ፣ ከሰዓት ላይ ነው። ደላላው ቤቱን እሁድ ከሰዓት ብቻ የሚያሳየው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ይህ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለወንድሜ፣ ለባለቤቴ እህትና ከክፍለ ሀገር ለመጡ የሥራ ባልደረቦቼ ቤት ሲፈለግ አብሬ እዞራለሁ። አሁን የባለቤቴ ዘመዶች «ደላላዋ» ይሉኛል፤ ኮሚሽን ግን የከፈለኝ የለም። በእነዚህ ዓመታት ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ቤት የሚከራይ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ሴራሚኩ፣ ቀለሙና ቁምሳጥኑ ላይ መሆኑን ነው። ወር ከወር የሚያኖረው ወይም የሚያስለቅሰው ግን ለጉብኝት በተመረጠው ሰዓት የማይታየው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ አንድን ቤት ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንዲያዩት ነው፦ አንዴ ከደላላው ጋር፣ አንዴ በሥራ ቀን ጠዋት፣ አንዴ ደግሞ ከመሸ በኋላ ብቻዎን።

ውሃ፦ «አለ ወይ?» ብለው አይጠይቁ

«ውሃ አለ?» ለሚል ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። ውሸትም ላይሆን ይችላል፤ በሳምንት አንድ ቀን አለ። መጠየቅ ያለበት «በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ይመጣል? እስከ ስንተኛ ፎቅ ይደርሳል?» ተብሎ ነው። አዲስ አበባ ውሃዋን የምታገኘው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች ጉድጓዶች ነው። ፈረቃውም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ጎረቤት ሰፈር የሚኖር ጓደኛዎ «እኛ ጋ በየቀኑ ነው» ማለቱ ለእርስዎ ብሎክ ማስረጃ አይሆንም።

ደላላውን ትተው ደረጃውን ያንብቡ። በየበሩ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል? በየኮሪደሩ በርሜል ቆሟል? ጣሪያው ላይ ወይም ግቢው ውስጥ ሮቶ አለ? ሮቶ ካለስ የማን ነው? የሕንፃው የጋራ ታንከር ካለ ጥሩ ነው፤ ግን ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ መሥራቱን፣ የፓምፑን መብራት ማን እንደሚከፍልና ሲበላሽ ገንዘብ የሚያዋጣው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ፓምፑ አለ፣ የሚያሠራው ኮሚቴ ግን ተጣልቶ ተበትኗል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍተው እንደተወው ሻወሩን ይክፈቱ፣ ሽንት ቤቱንም ይልቀቁት። አንዱ ሲከፈት ሌላው ከቆመ ግፊቱ ደካማ ነው። የወለሉ ማፍሰሻ ውሃውን ቶሎ ይወስድ እንደሆነም በዚያው ያያሉ።

እውነቱን የሚነግርዎት ጥበቃው ወይም ደረጃ የምታጥበው ሴት ናት። ሰላምታ ሰጥተው ትንሽ ይጨዋወቱ። ቤቱ ቢከራይ ባይከራይ እነሱ የሚያገኙት የለም።

መብራት እና ምጣድ

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት መብራቱ በአምፖል አይፈተንም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ከምድጃና ከውሃ ማሞቂያ ጋር ሲደመር ቀጭን ገመድና ደካማ ብሬከር አይችለውም። ቤቱን ሲያዩ ምድጃውና ማሞቂያው ካሉ ሁለቱንም ለአሥር ደቂቃ አብርተው ይቆዩ። ሶኬቶቹ ዙሪያ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ነገር ካለ ያለፈው ተከራይ ታሪክ እዚያ ተጽፏል።

ቆጣሪው የቤቱ የብቻው መሆኑን ያረጋግጡ። በኮንዶሚኒየም ብዙውን ጊዜ የየቤቱ ነው። በግለሰብ ግቢ ውስጥ በተሠራ ፎቅ ላይ ግን አንድ ቆጣሪ ለሦስትና ለአራት ቤተሰብ ሲከፈል አይቻለሁ፤ በዚህ ሂሳብ ያልተጣላ ጎረቤት አላየሁም። የመጨረሻውን የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ያስመጡ። ያለፈው ሰው ትቶት የሄደ ዕዳ ካለ ከመግባትዎ በፊት ይዘጋ።

የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ሲሠሩ እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብና ለእርድ የሚሆኑ የጋራ ቤቶች አብረው እንዲሠሩ ታስቦ ነበር። ግቢው ውስጥ ይህ ቤት ካለ ገብተው ይዩት። ሥራ ላይ ከሆነ ትልቅ እፎይታ ነው፣ በተለይ ለበዓል። ወደ መጋዘንነት ተለውጦ ከሆነ ግን በጉ የሚታረደው የት እንደሆነ ከወዲሁ ማሰብ ነው።

ደረጃው

በጂ+4 ኮንዶሚኒየም አሳንሰር የለም። እኔና ባለቤቴ «ወጣት ነን፣ ስፖርት ይሆነናል» ብለን ስቀን ነበር። ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ስፖርት እንዳልሆነ በሁለተኛው ሳምንት ገባን። የጤፍ ኩንታል፣ የጋዝ ሲሊንደርና እጅ ላይ የተኛ ሕፃን ሁሉ በዚያው ደረጃ ነው የሚወጣው።

የከፋው እናቴ ስትመጣ ነው። ጉልበቷን ለመታከም ከባሕር ዳር መጥታ እኛ ጋ አረፈች። የመጀመሪያውን ቀን በየፎቁ እየተቀመጠች፣ በግማሽ ሰዓት ወጣች። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት ከመሄጃዋ ቀን በቀር አልወረደችም፤ በእነዚያ ቀናትም ወንድሜና ባለቤቴ በወንበር ተሸክመው ነው ያወረዷት። ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም አንድ ወር ከመስኮት ላይ ሆና ሰው ስታይ ከረመች። ስትመለስ «ልጄ፣ ቤታችሁ ጥሩ ነው፣ ግን እኔን አይወደኝም» አለችኝ። ቤት ስትመርጡ የሚኖሩበትን ብቻ ሳይሆን የሚመጡባችሁንም ቁጠሩ የምለው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሳንሰር ባላቸው የ40/60 እና የሪል ስቴት ሕንፃዎችም ጥያቄው አይቀርም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? ካለስ አሳንሰሩን ያነሳል ወይስ የኮሪደሩን አምፖል ብቻ? ዘጠነኛ ፎቅ ተከራይተው አሳንሰሩ ሁለት ወር የቆመባቸው ሰዎች አውቃለሁ። የወር የጋራ መዋጮውን ግን አንድም ወር አላለፉም።

«ከቦሌ ሃያ ደቂቃ ነው»

ልክ ነው፤ እሁድ በደላላው መኪና። ባሕር ዳር የኖረ ሰው ከተማን የሚለካው በባጃጅ ነው፤ የትም ቢሆን አንድ ባጃጅ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ስንት ጊዜ ታክሲ ይቀየራል በሚለው ነው፤ እያንዳንዱ ቅያሪ የራሱ ሰልፍ አለውና። ሰፋፊዎቹ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ደግሞ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞ ሁሉ የከተማው ዳር ናቸው። ኪራያቸው መሀል ከተማ ካለው የሚቀልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሂሳቡን ወረቀት ላይ ያውጡት። አንድ ሰው ሥራ ለመድረስ ሁለት ታክሲ የሚይዝ ከሆነ ደርሶ መልስ አራት ነው፤ በ22 የሥራ ቀን 88 ጊዜ ይከፍላል። ባልና ሚስት ሲሆኑ 176 ጊዜ። ይህን በሰፈሩ የታክሲ ታሪፍ አባዝተው ከኪራዩ ጋር ይደምሩት፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ሰርቪስም አይርሱ። እኔ ይህን ስሌት ለባለቤቴ እህት ስሠራላት «ርካሹ» ቤት ከ«ውዱ» በልጦ ተገኘ። እሷም ሁለት መኝታ ቤቱን ትታ መሀል ከተማ ባለ አንድ መኝታ ያዘች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መንገዱን ራስዎ መሄድ ነው። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሊከራዩት ያሰቡት ብሎክ ሥር ይቁሙና ሥራዎ ድረስ ይሂዱ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ይመለሱ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ተማምነው ከመስመሩ አጠገብ የሚከራዩ ከሆነም በዚያ ሰዓት ጣቢያው ላይ ቆመው ባቡሩ ውስጥ መግባት ይችሉ እንደሆነ ይዩ። በተጨማሪም ከአስፋልቱ እስከ ቤቱ ያለውን የመጨረሻውን መንገድ በእግር ይጓዙት። በጥር አቧራ ብቻ የሆነው መንገድ በሐምሌ ጭቃ ነው። ልጅዎ በዚያ መንገድ ማታ ብቻዋን ብትመጣ መብራት አለ? ሰው አለ? ይህን ለማወቅ ሲመሽ መሄድ ግድ ነው።

ክረምትን በበጋ መፈለግ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከድሬዳዋ፣ ከሐዋሳ ወይም እንደኛ ከጣና ዳር ለሚመጣ ሰው ፀሐይ የማይገባበት ቤት በሐምሌና በነሐሴ ማቀዝቀዣ ነው የሚሆነው። መስኮቶቹ ወዴት እንደሚያዩና ከፊታቸው የሚከልላቸው ሕንፃ እንዳለ ይመልከቱ። ከፊት ለፊት ባዶ ቦታ ካለም አይደሰቱ፤ ከዓመት በኋላ እዚያ ፎቅ ሊቆም ይችላል።

የላይኛው ፎቅ ከሆነ ኮርኒሱን በደንብ ያስተውሉ። ቡናማ ክብ ምልክት የውሃ ፍሳሽ ነው። ከሁሉ የምጠራጠረው አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባበትን ክፍል ነው፤ ቀለም ሲያልቅባቸው አይደለም እንዲያ የሚያደርጉት። ቁምሳጥኑን ትንሽ ገፍተው ከኋላው ይዩ፣ ያሽትቱ። ሻጋታ ያለበት ክፍል ለማንም አይበጅም፤ አስም ላለበት ልጅ ደግሞ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም። ምድር ቤት ከሆነ በብሎኩ ዙሪያ ያሉትን ማንሆሎች ይዩ። ክዳናቸው የተነሳ ወይም ዙሪያቸው የረጠበ ከሆነ ዝናብ ሲበረታ ፍሳሹ የሚመለሰው ወደ ታችኛው ሽንት ቤት ነው።

ማታ ሲሄዱ ደግሞ ጆሮዎን ይዘው ይሂዱ። ቀን ዝም ያለው የምድር ቤት ሱቅ ማታ ግሮሰሪ ሊሆን ይችላል። የብረታ ብረት ሥራ ያለበት ጀርባ እሁድ ጸጥ ይላል። ጎረቤት ማን እንደሆነም በዚያው ይታያል፤ ልጆች ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ? ሰው ሰላም ይባባላል? ዕድሩ ተከራይ ይቀበል እንደሆነም ይጠይቁ። ዘመድ በሌለበት ከተማ ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ወረቀቱ

እኛ የፈረምነው ውል አንድ ገጽ ነበር። የስድስት ወር ቅድሚያችንን ሰጥተን በአምስተኛው ወር ስንወጣ አከራያችን የቀረውን አልመለሱም። «ውል ውል ነው» አሉ። ስለ ውሃ የተጻፈ ነገር ስለሌለ የምንከራከርበት አልነበረንም። ልጃችንን በዓመቱ አጋማሽ ከትምህርት ቤት አስወጥተን ሌላ ቦታ ስናስመዘግብ የከፈልነው ሌላ ነው፤ እሷ ከጓደኞቿ ተለይታ ያለቀሰችውን ሳልቆጥር።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም። ውሉ በጽሑፍ መሆንና በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም አከራዩ ባሻው ጊዜ የሚጥለው ሳይሆን በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ይፋ በሚያደርገው መጠን የሚፈጸም ነው። በአዲስ አበባ ምዝገባው በወረዳ ደረጃ ይካሄዳል።

ሕጉ ይህን ቢልም ዛሬም «ውሉ ላይ ግማሹን እንጻፍ፣ ቀሪውን በእጅ» የሚሉ አከራዮች አሉ። የሚያተርፉት እሳቸው ናቸው፤ ጠብ በተነሳ ጊዜ በእጅ የሰጡትን ብር «አልተቀበልኩም» ቢሉ ማስረጃ የሌለው ግን እርስዎ ነዎት። በዚህ ላይ ለስላሳ መሆን አልመክርም፤ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ይተዉት።

የሚያከራየው ሰው ባለቤቱ መሆኑን ይጠይቁ። ካርታውን ወይም ቤቱን የተረከበበትን ውል ከመታወቂያው ጋር ያመሳክሩ። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው ከተባለ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና ይኑር፤ ውክልናውም የማከራየትና ኪራይ የመቀበል ሥልጣን መስጠቱን ያንብቡ። ራሱ ተከራይ የሆነ ሰው የሰው ቤት አከራይቶ የተሰወረበት ታሪክ ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ ከየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል። ከደላላው ጋርም ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ ቤቱን ከማየትዎ በፊት ይጨርሱ፤ ካዩ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው። ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ከሆነ ከቀበሌዎ መሸኛ ማውጣቱን አይርሱ፤ አዲሱ ወረዳ ነዋሪ አድርጎ እንዲመዘግብዎ የአከራይዎ ትብብር ስለሚያስፈልግ ፈቃደኛ መሆኑንም አስቀድመው ይጠይቁ።

ቁልፍ በተቀበሉ ዕለት፣ ዕቃ ሳይገባ፣ ግድግዳውን፣ ቧንቧውን፣ በርና መስኮቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥርም እንዲሁ። ለአከራዩም በዚያው ቀን ይላኩላቸው። እንደ ክፉ ሰው እንዳይታዩ አይፍሩ። ሲወጡ «ይህን የሰበርከው አንተ ነህ» ከመባባል ያድናል።

ሁሉንም ያሟላ ቤት እስካሁን አልገጠመኝም። አቅምም ይወስናል። ለእኔ የማይታለፉት ውሃው፣ ደረጃውና የጠዋቱ መንገድ ናቸው፤ ቀለሙን፣ ሴራሚኩንና የሳሎኑን ስፋት ለድርድር እተዋለሁ። ለአንዲት ነጠላ ሴት ግን የማታው መንገድ ከውሃው ሊቀድም ይችላል፤ ሕፃን ላላቸው ደግሞ የሞግዚቷ መተኛ። ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ሦስት የማትለቋቸውን ነገሮች ከጻፋችሁ ፍለጋው በግማሽ ያጥራል። ከተቻለም ሙሉ ቤተሰቡና ዕቃው ከመምጣቱ በፊት አንዳችሁ ቀድማችሁ መጥታችሁ ሁለት ሳምንት ከተማውን ዙሩት። እኛ አሥር ቀን ዘመድ ማስቸገሩ ከብዶን የቸኮልነው ችኮላ ከዚያ የበለጠ አስቸገረን።

አሁን ሁለተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። የሳሎኑ ቀለም ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልለመደውም። እናቴ ባለፈው ፋሲካ መጥታ ራሷ ወጥታ ራሷ ወረደች።

በቀደም እሁድ ከገበያ ስመለስ አንድ ደላላ ባልና ሚስት ይዞ ደረጃውን ሲወጣ አገኘሁት። ሴትየዋ ሕፃን ታቅፋለች፤ አነጋገሯ የወሎ ነው። ደላላው ቁልፍ ሲፈልግ ወደ እኔ ዞር ብላ «እህቴ፣ ውሃ እንዴት ነው እዚህ?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ» አልኳት። «እስከ ሁለተኛ በራሱ ይወጣል፤ ከሦስተኛ ጀምሮ ፓምፕ ይፈልጋል። ፓምፑ ይሠራል፣ በየወሩ እናዋጣለን።» ደላላው ገላመጠኝ። እሷ ግን ባሏን በክርኗ ነካ አድርጋ «ዓርብ ማታ ተመልሰን እንየው» አለችው።